ፋሲካንም ረመዳንንም በእጅ ለማስላት አንዲት 11 ትበቃለች

በ2016 ዓ.ም. የወንድሜን ሰርግ ቀን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። አዳራሽ ቶሎ ካልተያዘ አይገኝም ተባልኩ። ስልኬን አውጥቼ ፋሲካ መቼ እንደሆነ ፈለግኩ፤ ማርች 31 አለኝ። በእኛ ሲቆጠር መጋቢት 22 ማለት ነው። ለጥንቃቄ ብዬ ሁለት ሳምንት ያህል ጨመርኩና ቅዳሜ ሚያዝያ 5ን ያዝኩ፤ ፒያሳ አካባቢ ላለ አንድ አዳራሽም ቀብድ ከፈልኩ። ማታ ለእናቴ በኩራት ስነግራት ሽንኩርት የምትከትፍበትን ቢላ አስቀምጣ "በጾም ልትድሩት ነው?" አለች። ለካ ፋሲካ ሚያዝያ 27 ነበር። እኔ ያየሁት የፈረንጁን ነው። ቀብዱም ቀለጠ፣ አልተመለሰም።

በማግስቱ እናቴ ይዛኝ አራዳ ጊዮርጊስ ሄደች። ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር የተቀመጡ አንድ መሪጌታ አሉ፣ ድሮ ታውቃቸዋለች። ነገሩን ስትነግራቸው ሳቁና የግራ እጃቸውን ጣቶች አንጓ በአንጓ እየነኩ ለራሳቸው ማንሾካሾክ ጀመሩ። አንድ ደቂቃ አልሞላም፦ "የዛሬ ዓመት ሚያዝያ 12፣ ልጄ።" ቤት ገብቼ አመሳከርኩ፣ ልክ ነበሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ካላንደር እስኪታተም አልጠብቅም። እናንተም አትጠብቁ። ማባዛት፣ ማካፈልና ቀሪ መያዝ ለሚችል ሰው የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን፤ ይህ ከገባችሁ ሌላው ሁሉ ይቀላል። ፀሐይ ዓመቷን የምትዞረው በ365 ቀን ከሩብ ነው። አሥራ ሁለት የጨረቃ ወር ሲደመር ግን 354 ቀን ብቻ ይሆናል። ልዩነቱ 11 ነው። የፋሲካም፣ የረመዳንም፣ የአይሁድ ፋሲካም ውዝግብ ያለው እዚህች 11 ላይ ነው። ሙስሊሙ ይለቃታል፣ አይሁዱ አጠራቅሞ ወር ያደርጋታል፣ የእኛ ሊቃውንት ደግሞ ስም አውጥተው በየዓመቱ ይመዘግቧታል። ስሟ አበቅቴ ነው።

የኦርቶዶክሱ ስሌት ባሕረ ሐሳብ ይባላል። ትውፊቱ የሚሰጠው ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ለድሜጥሮስ ነው። እስቲ የ2019ን ዓ.ም. አብረን እንሥራ።

ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩ። ከአዳም እስከ ክርስቶስ የሚቆጠረው ዘመን ነው፣ ድምሩም ዓመተ ዓለም ይባላል። 2019 ሲደመር 5500፣ 7519። ይህችን ቁጥር ወረቀቱ አናት ላይ ጻፏት፣ ደጋግማችሁ ትመለሱባታላችሁ።

አሁን ለ4 አካፍሉ። 1879 ደርሶ 3 ይቀራል። ቀሪው ወንጌላዊውን ይነግራችኋል፦ 1 ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ። ስለዚህ 2019 ዘመነ ሉቃስ ነው፣ ጳጉሜም 6 ቀን ትሆናለች። (ጳጉሜ 6 የተወለደ ዘመድ ካላችሁ ልደቱን የሚያከብረው በሉቃስ ብቻ ነው። የአጎቴ ልጅ እንደዚያ ነው፣ ኬክ የሚገዛለት በአራት ዓመት አንዴ ነው።)

ያገኛችሁትን 1879 ጣል አታድርጉት። ከ7519 ጋር ደምሩት፣ 9398 ይሆናል። ለ7 ስታካፍሉት 4 ይቀራል። ይህ መስከረም 1 የሚውልበት ቀን ነው፤ ቆጠራው ግን ከማክሰኞ ይጀምራል፦ 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ፣ 4 ዓርብ። ዜሮ ሰኞ ነው። ስለዚህ እንቁጣጣሽ ዓርብ ይውላል።

ቀጥሎ ዋናው ይመጣል። 7519ን ለ19 አካፍሉ፣ 14 ይቀራል። ከ14 ላይ 1 ቀንሱ፣ 13። ይህ ወንበር ይባላል። ምንም ካልቀረ ወንበሩ 18 ነው። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ 1 መቀነስ ላይ ነው፣ እኔም ሁለት ጊዜ ተሳስቻለሁ።

ወንበሩን በ11 ስታባዙ 143፣ ሠላሳ ሠላሳውን ስትጥሉ 23 ይቀራል። አበቅቴ 23 አላችሁ። ወንበሩን በ19 ስታባዙ ደግሞ 247፣ ሠላሳ ሠላሳውን ስትጥሉ 7። ይህ መጥቅዕ ነው። ልክ መሆናችሁን ለማየት ሁለቱን ደምሩ፣ ሁልጊዜ 30 መምጣት አለበት። 23 እና 7፣ 30። ተሳክቷል። (ወንበር 0 በሆነበት ዓመት አበቅቴ 0፣ መጥቅዕ 30 ይባላል።)

ለምን 19? እኔ መሪጌታን የጠየቅኩት የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነበር። በየዓመቱ 11 ቀን እያጠራቀማችሁ 19 ዓመት ብትሄዱ 209 ቀን ይመጣል። ሰባት ወር በሠላሳ በሠላሳ 210 ነው። የአንዲት ቀን ልዩነት ብቻ! ስለዚህ በየ19 ዓመቱ ጨረቃና ፀሐይ ወደ ነበሩበት ይገናኛሉ፣ ቆጠራውም እንደገና ከዜሮ ይነሣል። አይሁድም የሚጠቀሙት ይህንኑ 19 ነው፤ በ19 ዓመት ውስጥ ሰባት ጊዜ አዳር የሚባለውን ወር ይደግሙታል፣ ስለዚህ ፋሲካቸው ከጸደይ አይወጣም። ሕንዶችም ዘዴያቸው ይመሳሰላል፣ በሦስት ዓመት ውስጥ አንዴ ገደማ አንድ ትርፍ ወር ያስገባሉ። አባቶቻችንን ሒሳብ ያስተማሯቸው የሕንድ መምህራን ዲዋሊ የሚባለው በዓላቸው በየዓመቱ ቀኑ ሲቀያየርባቸው ምክንያቱ ይኸው ነበር።

ወደ ሒሳባችን። መጥቅዕ ከ14 በላይ ከሆነ በመስከረም፣ ከ14 በታች ከሆነ በጥቅምት ይውላል። 14 ራሱ ፈጽሞ አይመጣም፣ አትጨነቁ። የእኛ 7 ስለሆነ ጥቅምት 7 ነው። ቀኑ ምንድን ነው? መስከረም 1 ዓርብ ነበር። ወር 30 ቀን ስለሆነ አንድ ወር ባለፋችሁ ቁጥር ሁለት ቀን ወደፊት ትሄዳላችሁ። ጥቅምት 1 እሑድ፣ ጥቅምት 7 ቅዳሜ።

አሁን ተውሳክ የሚባለውን፣ ለየዕለቱ የሚደመረውን ቁጥር፣ በቃላችሁ መያዝ አለባችሁ፣ ሌላ መንገድ የለውም። ቅዳሜ 8፣ እሑድ 7፣ ሰኞ 6፣ ማክሰኞ 5፣ ረቡዕ 4፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 2። ከቅዳሜ ጀምሮ ከ8 ወደ ታች ነው፣ ሁለት ቀን ብትሉት ይገባችኋል። መጥቅዕ ቅዳሜ ስለዋለ 8 እንወስዳለን። 7 ሲደመር 8፣ 15። ይህች ቁጥር መባጃ ሐመር ትባላለች፣ የዓመቱን በዓላትና አጽዋማት በሙሉ የምታወጡት ከእሷ ነው።

መጥቅዕ በጥቅምት ከዋለ ነነዌ (የነነዌ ጾም መግቢያ) በየካቲት ናት፣ በመስከረም ከዋለ በጥር። በመስከረም ውሎ ድምሩ ከ30 ካለፈ ግን 30ውን ጥላችሁ ወደ የካቲት ትሻገራላችሁ። የ2017 እንደዚያ ነበር፦ 29 ሲደመር 4፣ 33፣ ስለዚህ የካቲት 3። የ2019 ነነዌ የካቲት 15 ናት። ሰኞ መሆኗን አረጋግጡ። ነነዌ ከሰኞ ውጭ ከወጣላችሁ ስሌቱ አንድ ቦታ ተበላሽቷል፣ ወደ ላይ ተመለሱ።

ከዚህ በኋላ መደመር ብቻ ነው። ነነዌ ላይ 14 ስትደምሩ ዐቢይ ጾም፣ 62 ስትደምሩ ሆሣዕና፣ 67 ስቅለት፣ 69 ትንሣኤ፣ 108 ዕርገት፣ 118 ጰራቅሊጦስ፣ በማግስቱ ደግሞ ሰኔ ጾም ይገባል። ለፋሲካ 15 ሲደመር 69፣ 84። የካቲት 84 የሚባል ቀን ስለሌለ 30 ጣሉ፣ መጋቢት 54፤ አሁንም 30 ጣሉ፣ ሚያዝያ 24። የ2019 ፋሲካ ሚያዝያ 24 ነው። የትኛውም ዓመት ቢሆን ፋሲካ ከመጋቢት 26 አይቀድምም፣ ከሚያዝያ 30ም አያልፍም።

ስልካችሁ ግን መጋቢት 19 ሊላችሁ ይችላል፣ እንደ እኔ እንዳትሸወዱ። የምዕራባውያኑ ቤተ ክርስቲያን በ1582 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ካላንደሯን አስተካክላ ስሌቱን በአዲሱ ስለምትሠራ ቀኖቹ አንዳንዴ ይገጥማሉ፣ አንዳንዴ ይራራቃሉ። በ2017 ሁለቱም ሚያዝያ 12 ላይ ዋሉ። በ2019 ግን አምስት ሳምንት ሙሉ ይለያያሉ። እዚህ አገር ወንጌላውያኑም ፋሲካን የሚያከብሩት ከእኛው ጋር ስለሆነ፣ አዳራሽ ልትይዙ ስትሄዱ ማርች ኤፕሪል የሚለውን ነገር እርሱት።

የረመዳን ስሌት ከዚህ በጣም ይቀላል፣ ግን አያልቅም። የሂጅራ አቆጣጠር 12 የጨረቃ ወር ብቻ ነው፤ ትርፍ ወር ማስገባት አይፈቀድም፣ ቁርኣን በሱረቱ አት-ተውባ ወራቱ 12 መሆናቸውን ተናግሮ ቅዱስ ወራትን ማዘዋወርን ይከለክላል። ስለዚህ 11ዷ ቀን አትያዝም፣ ረመዳን በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን እየቀደመ በ33 ዓመት ገደማ ወቅቶቹን ሁሉ ይዞራል። ክረምት የጾመ በጋም ይጾማል። ለእናንተ ሥራው አንድ ነው፤ ያለፈው ረመዳን የገባበትን ቀን ያዙና 10 ወይም 11 ቀንሱ። በ2018 የካቲት 11 ገደማ ገባ፣ ስለዚህ በ2019 ጥር 30 ወይም የካቲት 1 አካባቢ ነው። ከዚያ 29 ወይም 30 ቀን ቆጥራችሁ ኢድ አል ፈጥር ታገኛላችሁ። ለዒድ አል አድሃ፣ እኛ አረፋ ለምንለው፣ ከረመዳን ቀጥሎ ያለውን ሸዋልንና ዙልቂዳን አልፋችሁ የዙልሂጃን 10ኛ ቀን ትይዛላችሁ። በነገራችን ላይ በዚህ አካሄድ 2032 ዓ.ም. ላይ ረመዳን ሁለት ጊዜ ይገባል፣ አንዴ በመስከረም መጀመሪያ፣ አንዴ በጳጉሜ።

ግን "ገደማ" የምትለውን ቃል አትጣሏት። የመጨረሻውን የምትናገረው ጨረቃ ናት። ቤኒን ሰፈር የሚኖሩት ጎረቤታችን በ29ኛው ምሽት ከመግሪብ ሶላት በኋላ በረንዳ ላይ ይወጡና ወደ ምዕራብ አንጋጠው ያያሉ፤ ስልካቸው ኪሳቸው ውስጥ እየጮኸ እንኳ እሳቸው ያያሉ። "ነገ ኢድ ነው?" ስላቸው "ገና ነው ልጄ፣ አልታየችም" ይሉኛል። እኔ በሒሳብ አውቃለሁ ብዬ አንዴ ተከራክሬ ነበር፣ ተሸነፍኩ።

አሁን ሁለቱን ስሌት ጎን ለጎን አስቀምጡ፣ ጥቅሙ እዚህ ጋ ነው የሚታየው። በ2019 ዐቢይ ጾም የሚገባው ሰኞ የካቲት 29 ነው። ኢድ ደግሞ ከየካቲት 29 እስከ መጋቢት 1 ባለው ጊዜ ይውላል። ማለትም እኛ ቅበላ ብለን ክትፎ ስናሳድድ እነሱ የረመዳን መጨረሻ ላይ ናቸው፤ እነሱ ጾማቸውን ፈተው ሲያጣጥሙ እኛ ሹሮ ላይ ነን። የምትጠሩት ሰውም የሚጠራችሁም ካለ ከወዲሁ ተነጋገሩ። እኔ ለጎረቤታችን ሴት ልጅ ነግሬያታለሁ፦ "ለእኛ ሳምቡሳውን በምስር አድርጊው፣ ጣፋጩ ሙሸበክ ግን እንዳለ ይምጣ።" ቅዳሜና እሑድ ቅበላ ላይ ጭሱ ወደ እነሱ እንዳይሄድ ከሰሉን ጓሮ እናወጣለን፣ አፍጥር ሳይደርስ።

የ2020ን እናንተ ሥሩት። መልሱ ሚያዝያ 8 ነው። ሚያዝያ 1 ከመጣላችሁ ወንበሩ ላይ አንድ መቀነስ ረስታችኋል።