ከ12 ቮልት ባትሪ 320 ቮልት፦ ሲያስቸግር ከየት እንጀምር?

እኔ የምኖረው ሱሉልታ ነው፤ እንጦጦን ተሻግሮ። እዚህ ጫጩት የሚያሳድግ ሰው መብራት ሲጠፋ እንቅልፍ የለውም። ጎረቤቴም በዚህ ምክንያት ነው አንድ ማታ በሬን ያንኳኳው። የመኪና ባትሪ አለው፤ የጫጩቶቹን ማሞቂያ አምፖል ማብራት ፈልጓል። ያን ጊዜ የሠራሁለት ኢንቨርተር፣ ማለትም የባትሪን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይር መሣሪያ፣ ብዙ ጊዜ አስቸግሮኛል። ችግሩን ስፈልግ የዋልኩት ከፍተኛው ቮልቴጅ ጋ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ ግን ችግሩ 12 ቮልቱ ጋ ነው የተገኘው።

የምናወራው ስለ መጀመሪያው ክፍል ነው፤ 12 ቮልትን ወደ 320 ቮልት ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ኤሌክትሪክ) ስለሚያሳድገው። 320 ያልነው የቤታችን 220 ቮልት ጫፉ ላይ 311 ስለሚደርስ ነው። የኔ ሥራ እንዲህ ነው፦ ሥራውን የሚቆጣጠር ኤስጂ3525 ቺፕ፣ የባትሪውን ኃይል በፍጥነት የሚያበሩና የሚያጠፉ አይአርኤፍ3205 ሞስፌቶች፣ 125 ካሬ ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የትራንስፎርመር ፌራይት ኮር፣ 40 ኪሎኸርዝ። በባትሪው በኩል 4 ሲደመር 4 ዙር፣ በውጤቱ በኩል 136 ዙር። ማለትም 34 እጥፍ። 12 በ34 ሲባዛ ከ320 ያልፋል፤ ትርፉን የሚቀንሰው ቺፑ ነው።

ከመንካታችሁ በፊት አንድ ነገር። ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው 220 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በ320 ቮልት ሲሞላ 11 ጁል ያህል ይይዛል። ባትሪው ከተነቀለ በኋላም ይገድላል። 22 ኪሎኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር አገናኙበት፣ 30 ሰከንድ ጠብቁ፣ ከዚያ በቴስተር ለኩ። ሳትለኩ እጃችሁን አታስገቡ። ብቻችሁን ሆናችሁም አትሥሩ።

ምልክት፦ ጭነት ሳይኖር 320 ያሳያል፤ አምፖል ሲሰካበት ይወርዳል ወይም ይጠፋል

ጎረቤቴ ቤት የገጠመኝ ይሄ ነው። ትራንስፎርመሩን ሁለት ጊዜ ፈትቼ ጠመጠምኩ። ጥፋቱ ግን የትራንስፎርመሩ አልነበረም።

ሒሳቡን እንየው። 300 ዋት ለማውጣት፣ ብክነቱ ሲታሰብ፣ ከባትሪው 30 አምፔር ያህል ይሳባል። እኔ ያገናኘሁት ለቤት ሶኬት በሚዘረጋው 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ነበር፤ መሄጃና መመለሻው ተደምሮ 4 ሜትር። ይህ ሽቦ 0.028 ኦም አለው። በ30 አምፔር 0.84 ቮልት ይበላል። ትንሽ ይመስላል። ግን በ34 ሲባዛ ቺፑ ከሚያካክስበት ትርፍ ላይ 28 ቮልት ይጎድላል። ሽቦው ራሱም 25 ዋት እየበላ ይሞቃል።

ስትለኩ ቴስተሩን ባትሪው ላይ አታድርጉ። ቦርዱ ላይ፣ ጭነቱ በርቶ እያለ ለኩ። ባትሪው ላይ 12.4 ሆኖ ቦርዱ ላይ 11.5 ካገኛችሁ ሌባው መሃል ላይ ነው። ሽቦው፣ የባትሪው ማያያዣ፣ የፊውዙ መያዣ፤ እነዚህን አንድ በአንድ እዩ። መፍትሄው 16 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ነው፤ አንዱ ጎን ከ50 ሴንቲ ሜትር አይለፍ። ባትሪውን ወደ ኢንቨርተሩ አስጠጉት። ቦርዱ ላይም ከትራንስፎርመሩ መሃል ጫፍ (ሁለቱ ባለ 4 ዙር ጥምጥሞች ከሚገናኙበት) አጠገብ ሁለት ሦስት ባለ 2200 ማይክሮፋራድ፣ 35 ቮልት ካፓሲተሮች ጨምሩ።

ምልክት፦ ሞስፌቱ ገና ሲበራ ይቃጠላል

አዲስ ገዝታችሁ ከመቀየራችሁ በፊት ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር የመኪና የፍሬን አምፖል፣ 21 ዋቱን፣ በተከታታይ አስገቡ። ጭነት አትስጡት። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው። ደምቆ ከቀረ አንድ ቦታ ተገናኝቷል፤ ሞስፌቱ ግን ተርፏል። ይህን ዘዴ ካወቅሁ ወዲህ ብዙ ብር አድኖልኛል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፍሪኩዌንሲው ላይ ነው። የኤስጂ3525 ኦሲሌተር፣ ማለትም ምቱን የሚሰጠው ክፍል፣ ከውጤቱ በእጥፍ ነው የሚሮጠው። 40 ኪሎኸርዝ የምትፈልጉ ከሆነ ኦሲሌተሩን 80 ላይ አድርጉት። 40 ላይ ካደረጋችሁት ትራንስፎርመሩ 20 ብቻ ያገኛል። ባትሪው 14.4 ሲሆን በ4 ዙር ኮሩ ውስጥ ያለው የማግኔት ጉልበት 0.36 ቴስላ ይደርሳል። ፌራይት እዚያ ይጠግባል። የጠገበ ኮር ደግሞ እንደ ተራ ሽቦ ነው፤ አምፔሩን የሚይዘው የለም። በትክክለኛው 40 ላይ 0.18 ብቻ ነው።

ሌላው ምክንያት ሁለቱ ሞስፌቶች ለቅጽበት አብረው መብራታቸው ነው። በቺፑ 5ኛና 7ኛ እግር መሃል ትንሽ ሬዚስተር አድርጉ፤ እረፍት ይሰጣቸዋል። ሁለቱን ባለ 4 ዙር ጥምጥሞች ደግሞ ጎን ለጎን አብራችሁ ጠምጥሙ። ለየብቻ ከተጠመጠሙ ሞስፌቱ ሲጠፋ ቮልቴጁ ይዘላል፤ የሞስፌቱ አቅም 55 ቮልት ብቻ ነው።

ምልክት፦ ያለ ጭነት ከ400 ያልፋል፤ ካፓሲተሩ ያብጣል

ምክንያቱ ኢንዳክተር (በኮር ላይ የተጠመጠመ ሽቦ) አለመኖሩ ነው። ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከሚያሳልፉት ዳዮዶች ቀጥታ ወደ ካፓሲተር ከገባ፣ ካፓሲተሩ እስከ ጫፉ ይሞላል። 14 ቮልት በ34 ሲባዛ 476 ነው። ቺፑ የምቱን ስፋት ቢያጠብም ጫፉ አይቀንስም። በዳዮዱና በካፓሲተሩ መሃል ኢንዳክተር ሲገባ ግን አማካዩ ይወጣል፤ ቺፑም መቆጣጠር ይችላል። ካፓሲተሩም ባለ 450 ይሁን።

ለሳምንታት ደህና ሠርቶ በድንገት ቮልቴጁ ካሻቀበ ወደ ቺፑ መረጃ የሚወስደውን ሬዚስተር ጠርጥሩ። ተራው ሩብ ዋት ሬዚስተር የሚችለው 250 ቮልት ነው። በአንድ 470 ኪሎኦም ፈንታ ሁለት ባለ 220 ኪሎኦም በተከታታይ አድርጉ፤ ከዚያ ውጤቱን እንደገና አስተካክሉ።

ምልክት፦ ዳዮዶቹ ያለ ጭነትም ይፈላሉ

1ኤን4007 የተባለውን ተራ ዳዮድ ነው ያስገባችሁት። ለ50 ኸርዝ እንጂ ለ40 ሺህ አልተሠራም። ዩኤፍ4007 ተኩበት፤ በ75 ናኖሰከንድ ይዘጋል። ምናለሽ ተራ ከሚገኝ አሮጌ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ፈጣን ዳዮድ ብታወጡ ግን ስንት ቮልት እንደሚችል አረጋግጡ።

ምልክት፦ በክረምት ሲስ ሲስ ይላል፣ ይሸታል

ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ብልጭታ ይቀለዋል። በሁለት መስመሮች መሃል ለሚተው ክፍተት የተለመደው ልክ የሚሠራው እስከ 2,000 ሜትር ነው፤ 3,000 ላይ በ1.14 ይባዛል። ስለዚህ 6 ሚሊ ሜትር ከተባለ እኔ 7 አደርገዋለሁ። ንጹሕ አየርን 320 ቮልት ለብቻው አይዘለውም። የሚዘለው የጥምጥሙ ቅጽበታዊ ጫፍ ነው፤ እርጥበትና የብየዳ ቅሪት ደግሞ ቦርዱ ላይ መንገድ ይከፍቱለታል። ቦርዱን በአልኮል እጠቡ፣ አድርቁ፣ ቫርኒሽ ቀቡ። በጥምጥሞቹ መሃል ሦስት ዙር ናስትሮ አድርጉ።

ተጠግኖ ሲያልቅ ሙሉ ጭነት በአንዴ አትስጡት። በ40 ዋት አምፖል ግማሽ ሰዓት፣ ከዚያ በ100፣ ከዚያ በ200። በየመሃሉ ባትሪውን ንቀሉ፤ የባትሪውን ገመድ በእጃችሁ ዳብሱት። ሞቆ ካገኛችሁት ወደ መጀመሪያው ምልክት ተመለሱ።