እንቦጭ ጓሮ ኩሬ ሲገባ የምንሠራቸው ስህተቶች

የመጀመሪያው ስህተት የራሴ ነው። ከጅማ ወጣ ብሎ ካለ ረግረግ ዳር ወይን ጠጅ አበባውን አየሁና ልቤ ከጀለ። ሦስት ሥር በፌስታል ይዤ መጣሁ። ቆሮሶ ዓሣ የማረባባት የጓሮ ኩሬዬ ላይ ለጌጥ ጣልኩት። ጣናን ያስጨነቀው እንቦጭ ይኸው መሆኑን እያወቅሁ! የኔ ኩሬ ትንሽ ናት፣ ምን ይመጣል አልኩ።

ሁለተኛው «ቆይ፣ ቅዳሜ እነቅለዋለሁ» ማለት ነው። እንቦጭ ሞቅ ያለና ምግብ የሞላበት ውሃ ካገኘ በ2 ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። በዚህ ከሄደ ዛሬ 10 የሆነው በ12 ሳምንት 640 ነው። ቅዳሜው ደግሞ ለቅሶ አለ፣ ሠርግ አለ።

ሦስተኛው ውሃው ውስጥ እያለ በገጀራ መቆራረጥ። ንዴት ያበርዳል እንጂ አይጠቅምም። እንቦጭ በዘር ብቻ አይራባም፤ እንደ ገመድ የሚዘረጋ ቀጭን ግንድ አውጥቶ ጫፉ ላይ ልጅ ይወልዳል። ገመዱን ሲቆርጡ ልጁን ነፃ አወጡት ማለት ነው፤ ተንሳፎ ሌላ ጥግ ይይዛል። ስለዚህ በመንሽ ወይም በሬክ ከነሥሩ መጎተት ነው። ከክብደቱ ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ስለሆነ ወገብ ይፈትናል። በበጋ፣ ውሃው ሲጎድል ይሻላል። አበባ ከማውጣቱ በፊት ከሆነ ደግሞ በጣም ጥሩ፤ አበባው ሲጠወልግ አንገቱን ደፍቶ ዘሩን እዚያው ውሃ ውስጥ ያራግፋልና።

የነቀሉትን አፋፉ ላይ አይተዉት። የጅማ ዝናብ አንድ ሌሊት ይበቃዋል፤ ጠርጎ ይመልስልዎታል። ቦይ ውስጥ መጣል ግን ከዚህም ይብሳል። ቦዩ ወደ አወይቱ ወንዝ፣ አወይቱ ወደ ቦዬ ረግረግ፣ ከዚያም ወደ ጊልገል ጊቤ ወንዝ ነው። ራቅ አድርገው ደረቅ መሬት ላይ ያስጡት፤ ሲደርቅ ለኮምፖስት ይሆናል።

መርዝ መርጨት? ዓሣ ካለዎት ይተዉት። መርዙ ራሱ ባይገድላቸው እንኳ፣ አረሙ በአንድ ጊዜ ሞቶ ሲበሰብስ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል። ጠዋት ዓሦቹ አፋቸውን ከፍተው ላይ ላዩን ሲዋኙ ካዩ ነገር ተበላሽቷል።

ምስር የምታህል ቅጠል ያላት ደቃቅ ተንሳፋፊ አረምም አለች። እሷን በአሮጌ አጎበር የሚያጠልል ሰው አይቻለሁ። አጎበሩ የተነከረበት ፀረ ነፍሳት ለዓሣ መርዝ ነው! ወንፊት ይጠቀሙ።

ዋናው ስህተት ግን ሌላ ነው፤ እኔን ሁለት ዓመት አስለፍቶኛል። ነቀልኩ፣ ተመለሰ። ነቀልኩ፣ ተመለሰ። አንድ ቀን ጎረቤታችን እማማ ቡና ሊጠጡ መጥተው ጓሮውን አዩና «አንተ ልጅ፣ እየቀለብከው እኮ ነው የምትነቅለው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የላሟ በረት ከኩሬው በላይ ነው። የልብስ እጥበቱ ውሃም በዚያው ይወርዳል። ፍግ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው፤ እንቦጭም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። «ዓሣው ይወፍራል» ብዬ የምጨምረው ፍግና የተረፈ እንጀራም ለአረሙ ድግስ ነበር። በኩሬውና በበረቱ መሃል ጎርፍ የሚያዞር ቦይ ቆፈርኩ። የእጥበቱን ውሃ ወደ ሙዙ መራሁት። ለዓሣዎቹ በአንዴ በልተው የሚጨርሱትን ያህል ብቻ መስጠት ጀመርኩ። አረሙ በአንድ ቀን አልጠፋም፤ በቀጣዩ ክረምት ግን ቅጠሉ ኮስሶ፣ ቢጫ ቢጫ ብሎ አየሁት።

ከዚያ በኋላ «ጸዳ» ብሎ መዘናጋት አለ። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ተኝቶ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል። ኩሬው ሲደርቅና ደለሉ ፀሐይ ሲያገኝ ይነሳል። እኔ እሑድ ጠዋት ከቡና በፊት ወንፊት ይዤ ዳር ዳሩን እዞራለሁ። ያለፈው እሑድ ሁለት አገኘሁ፤ ከአውራ ጣቴ አይበልጡም።