ደሴ ላይ ባልትና ቤት ለመክፈት፦ ከንግድ ፈቃድ እስከ እድሳት

የጎረቤቴ በርበሬና ሽሮ ሰፈራችንን ያዳረሰ ነው። ሱቅ ልትከፍት ስትነሳ የጠየቀችኝ ስለ ኪራይ አልነበረም። «ስንት ቢሮ ያንከራትቱኛል?» ነው ያለችኝ።

ፍርሃቷ ያለ ምክንያት አይደለም። የዓለም ባንክ የንግድ አሠራርን ቅለት ይለካበት በነበረው ሪፖርት፣ እ.ኤ.አ. በ2020 እትም፣ ኢትዮጵያ ከ190 አገሮች 159ኛ ነበረች። ሩዋንዳ 38ኛ። ሕጉ ግን ያኔም መሻሻል ጀምሮ ነበር። የ2008ቱ የንግድ ምዝገባ አዋጅ 980 በ2011 ተሻሻለ። ከ1952 ጀምሮ የቆየው የንግድ ሕግም በ2013 በአዋጅ 1243 ተተካ። ማሻሻያው የሚጠቅመው ግን ለሚያውቀው ሰው ነው። ስለዚህ በቅደም ተከተል እንሂድ።

1. ሥራችሁን በትክክል ሰይሙ

እኔ የተጎዳሁት እዚህ ላይ ነው። ፎርሙ ላይ «ችርቻሮ» ብዬ ሞላሁ፤ የምሠራው ግን ማምረት ነበር። እስኪስተካከል ድረስ የተዘጋ ሱቅ ኪራይ ከፈልኩ። በርበሬ ገዝቶ መሸጥ አንድ ዘርፍ ነው፤ አዘጋጅቶና አሽጎ ማቅረብ ሌላ። እያንዳንዱ የራሱ ኮድ አለው። የንግድ ጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ ኮዱን ሲመርጥ «እስኪ መግለጫውን ያንብቡልኝ» በሉ። ማንም አይቆጣችሁም።

2. ወረቀታችሁን ከቤት ጨርሱ

የፋይዳ መታወቂያ፣ ጉርድ ፎቶ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር። እነዚህ ቀላል ናቸው። የሚያስቸግረው የኪራይ ውሉ ነው። ደሴ ውስጥ ካርታው በሟች አባት ስም ያለ ቤት ሞልቷል። ታላቅ ልጅ ይፈርማል፤ ውልና ማስረጃ ሲደረስ ግን የወራሽነት ማስረጃና የሌሎቹ ወራሾች ውክልና ይጠየቃል። ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ካርታው በማን ስም እንደሆነ እዩ።

3. ግለሰብ ወይስ ማኅበር?

በግለሰብ ነጋዴነት መመዝገብ ይቀላል። የሱቁ ዕዳ ግን እስከ ግል ንብረታችሁ ይከተላችኋል። ዕዳው ከማኅበሩ ንብረት የማያልፈውን፣ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር፣ ለማቋቋም ደግሞ ቀድሞ ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልግ ነበር። ስንቱ ወንድምና እህት ለዚህ ብሎ ስሙን አውሷል! አዲሱ የንግድ ሕግ ባለ አንድ አባል ማኅበር ፈቅዷል። ከማሻሻያዎቹ ሁሉ እኔ በጣም የወደድኩት ይህን ነው።

4. ተመዝገቡ፣ ፈቃድ አውጡ

ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ምዝገባው ብዙ ንግድ ቢኖራችሁም አንድ ጊዜ ነው። ፈቃዱ ግን በየዘርፉ ነው። በኢንተርኔት፣ ኢትሬድ በሚባለው የመንግሥት የንግድ ምዝገባና ፈቃድ ድረ ገጽ፣ ማመልከት ይቻላል። ኔትወርኩ እንቢ ካለ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሂዱ። ሥራው ምግብ ነክ ከሆነ የብቃት ማረጋገጫ ያስፈልግ እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ።

5. እድሳቱን አታዘግዩ

ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታህሳስ 30 ነው። መጀመሪያ ግብራችሁን ከፍላችሁ ክሊራንስ (የግብር ዕዳ እንደሌለባችሁ የሚያረጋግጥ ወረቀት) ያዙ። ሰው የሚግተለተለው ታህሳስ መጨረሻ ላይ ነው፤ ለባልትና ቤት ደግሞ ያ የበርበሬ ግርግር ወቅት ነው። በጊዜ ጨርሱት።

ሥራውን ካቆማችሁም ፈቃዱን መልሱ። ሱቁ ተዘግቶ ፈቃዱ ሳይሰረዝ ከቀረ የግብር ጥያቄው አይቆምም።

ጎረቤቴ ፈቃዷን ከሚዛኑ በላይ ሰቅላዋለች። ሕጉም በሚታይ ቦታ ይሁን ነው የሚለው። የበርበሬው ብናኝ እንዳያቀላው በላስቲክ ሸፍናዋለች።