ለዒላማ ሽጉጥ ሞላ ስትመርጡ ቀለሁን እዩ

በርሜሉ 5 ኢንች የሆነው፣ 1911 የሚባለው የሽጉጥ ዓይነት፣ የ.45 ኤሲፒ ጥይት የሚጎርሰው፣ ስላይዱን (ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚንሸራተተውን የላይኛውን ክፍል) የሚመልሰው ሞላ ጥንካሬው በተለምዶ 16 ፓውንድ ነው። ልኩ የወጣው ለሙሉ ኃይል ጥይት ነው። የዒላማ ተኳሽ ግን ብዙ ጊዜ ለስለስ ያለ ጥይት ነው የሚጠቀመው። ያኔ 16ቱ ይከብዳል። ስላይዱ በደንብ ወደ ኋላ አይሄድም፣ ቀለሁ መውጫው ላይ ይሰነቀራል፣ ካዝናው ሲያልቅም ስላይዱ ተከፍቶ አይቆምም። ሲመለስ ደግሞ አፈሙዙን ወደ ታች ደፋ ያደርገዋል።

ስለዚህ 12፣ 13 እና 14 ፓውንድ ገዝታችሁ ተኩስ ሜዳ ላይ ሞክሩ። ሲታዩ አንድ ስለሚመስሉ እያንዳንዱን በየፌስታሉ አድርጋችሁ ቁጥሩን ጻፉበት። ከዚያ ቀለሁ የት እንደሚወድቅ እዩ። ከ3 እስከ 6 ጫማ ከሆነ ጥሩ ነው። እግራችሁ ሥር ጠብ ካለ ሞላው ከብዷል። አጠገባችሁ ያለው ሰው ኮፍያ ላይ ካረፈ (ደርሶብኛል፣ ይቅርታም ጠይቄያለሁ) ላልቷል ማለት ነው። እኔ ሳይደናቀፉ ከሚሠሩት ውስጥ ከበድ ያለውን ነው የምይዘው። ወደ ሙሉ ኃይል ጥይት ስትመለሱ 16ቱን መልሱ፤ አለዚያ ስላይዱ ፍሬሙን (የሽጉጡን የታችኛውን አካል) ይቀጠቅጠዋል።

ሞላውን ከመቀየራችሁ በፊት ካዝናውን አውጡ፣ ጥይት አለመኖሩን በዓይንም በጣትም አረጋግጡ። መነጽር አድርጉ። ሞላውን የያዘችውን ክዳን በአውራ ጣት ጫን አድርጋችሁ ካልያዛችኋት ተፈናጥራ አልጋ ሥር ትገባለች።