ፖኬት ሆል ጂግ ለገዛችሁ

ጣውላን በሰያፍ በስቶ በብሎን ለማጋጠም የሚረዳችሁን ፖኬት ሆል ጂግ አዲስ ከገዛችሁ፣ የመጀመሪያውን ቀዳዳ ቁርጥራጭ ላይ ሞክሩ። እኔ ቸኩዬ የቁም ሳጥን በር ላይ ጀመርኩና ብሎኑ በፊት ለፊት ብቅ አለ። ጣውላዬን ከሰርኩ!

ጥፋቱ የኔው ነው፤ ረጅም ብሎን ነበር ያስገባሁት። ለ19 ሚሊ ጣውላ የሚሆነው 32 ሚሊ ነው። ጂጉም፣ ፑንታው ላይ ያለው የጥልቀት መገደቢያ ቀለበትም በጣውላው ውፍረት ልክ ይስተካከሉ። ለጠንካራ እንጨት ጥርሱ ደቃቅ፣ ለለስላሳውና ለችፑድ ጥርሱ ሰፋ ያለ ብሎን።

ደግሞ ሞርሳ አትርሱ። ብሎኑ በሰያፍ ስለሚገባ ሲጠብቅ ጣውላውን ይገፋዋል። በዓይን ባይታይም በጣት ስትዳስሱት ትንሽ ደረጃ ታገኛላችሁ። መጋጠሚያውን በሞርሳ ጥርቅም አድርጋችሁ ያዙና አጥብቁ። ኤምዲኤፍ (ከደቀቀ እንጨት ተጨፍልቆ የተሠራ ጣውላ) ከሆነማ መጨረሻውን በካቻቢቴ በእጅ ጨርሱት፤ ድሪል ቀዳዳውን ቶሎ ያላላዋል።