የጥቁር ሕዝቦችን የእኩልነት ትግል ለሰፈር ወጣቶች ከኮልፌ ተነሥቶ ማስተማር

በአዲስ አበባ ዳርቻ ለሰፈር ወጣቶች ስለ ታላላቅ ጥቁር መሪዎች ማስተማር የምትሹ ሁሉ፣ ትምህርቱን ከሩቅ አገር ካርታ ሳይሆን ከኮልፌ እንድትጀምሩት እመክራለሁ። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ክረምት፣ ኮልፌ ከከተማው ወጣ ያለ አካባቢ በነበረበት ጊዜ፣ በፈጥኖ ደራሽ ጦር ሰፈር በኮሎኔል ታደሰ ብሩ ኃላፊነት ወታደራዊ ሥልጠና ወስደዋል። ስድስት ወር ሊቆዩ ታስቦ የነበረ ቢሆንም ሳይጨርሱ ወደ አገራቸው ተጠሩ፤ ሐምሌ 29 ቀንም ተያዙ። ወጣቶቹን ይዛችሁ በአካባቢው በእግር እየሄዳችሁ ይህን ብትነግሯቸው፣ በየቀኑ የሚረግጡት መንገድ የታሪኩ አካል መሆኑን ይረዳሉ።

ቀኖቹን ሁሉ ወደ እኛ አቆጣጠር መመለስ አድካሚ ቢመስልም ፈጽሞ አትተዉት። የ15 ዓመቷ ተማሪ ክላውዴት ኮልቪን በአላባማ ግዛት በሞንትጎመሪ ከተማ የአውቶቡስ መቀመጫዋን ለነጭ አልለቅም ብላ የታሰረችው የካቲት 23 ቀን 1947 ዓ.ም.፣ ማለትም በዓድዋ ድል በዓል ዕለት ነበር። ግጥጥሞሽ መሆኑን በግልጽ ንገሯቸው፤ ነገር ግን ልጅቷ በዚያ ሰሞን በትምህርት ቤቷ የጥቁሮችን ታሪክ ስትማር መሰንበቷን አትዝለሉ፤ ለእኔ የዚህ ሁሉ ድካም ምክንያት እርሱ ነውና። ሮዛ ፓርክስ በዚያው ከተማ በተመሳሳይ ምክንያት የታሰሩት ከዘጠኝ ወር በኋላ፣ በኅዳር ጽዮን ዕለት ነው፤ የከተማው ጥቁሮች የአውቶቡስ አድማ የጀመሩትም በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ረጅሙን ጊዜ ለአውቶቡስ አድማው ስጡት። እያንዳንዱ ወጣት ወላጆቹ ከአየር ጤና ወይም ከዓለም ባንክ እስከ መርካቶ በእግር ቢሄዱ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅባቸው ያስላ፤ ከዚያም በ381 ያባዛው፣ የሞንትጎመሪ ጥቁሮች አውቶቡስ ሳይሳፈሩ የቆዩት ያን ያህል ቀን ነውና። ማርቲን ሉተር ኪንግ በወቅቱ ገና የ26 ዓመት ወጣት ነበሩ፤ የአድማውን ጥሪ በአንድ ሌሊት በሺዎች በሚቆጠር ወረቀት ያባዙት ግን ጆ አን ሮቢንሰን የተባሉ የኮሌጅ መምህርት ናቸው። ወጣቶቹ ይህን ሥራ ተከፋፍለው ይሞክሩት፦ አንዱ ወረቀቱን ያርቅቅ፣ ሌላው መኪና ያላቸውን ይመዝግብ፣ ሌላው የመነሻ ሰዓትና ቦታ ያውጣ። መሪ ብቻውን እንደማይቆም ከማንኛውም ንግግር ይልቅ ይህ ያስረዳቸዋል።

ኪንግ የሰላም ትግልን ሲመርጡ ማንዴላ ለምን የጦር መሣሪያ ሊማሩ እንደመጡ መጠየቃቸው አይቀርም። ጥያቄውን አታለዝቡት፤ መጋቢት 12 ቀን 1952 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ በሻርፕቪል ፖሊስ ለተቃውሞ ከወጡት 69 ሰዎችን እንደገደለና ብዙም ሳይቆይ የማንዴላ ድርጅት እንደታገደ አስረዱ፤ የሞንትጎመሪ ሰዎች ግን ክላውዴት ኮልቪንና ሦስት ሴቶች በከሳሽነት በቀረቡበት መዝገብ ጉዳያቸውን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አድርሰው መርታት ችለው ነበር። ክርክሩን በድምፅ ብልጫ አትዝጉት፤ እያንዳንዱ ወጣት በሚቀጥለው ቅዳሜ የራሱን መልስ በአንድ ገጽ ጽፎ ይምጣ።