አርዱይኖ ኡኖና ሲም800ኤል ሳይግባቡ ሲቀሩ፦ ችግርና መፍትሄ

አርዱይኖ ኡኖ በተባለው በኮድ የሚታዘዝ አነስተኛ ቦርድና ሲም800ኤል በተባለው የጂኤስኤም (የሞባይል ኔትወርክ) ሞጁል መካከል ያለው የሲሪያል፣ ማለትም ዳታ ቢት በቢት የሚተላለፍበት፣ ግንኙነት ሲቋረጥ አብዛኞቻችን አስቀድመን የምንጠረጥረው የጻፍነውን ኮድ ነው። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው በሽቦው ወይም በኃይል አቅርቦቱ ላይ ስለሆነ፣ አንድም የኮድ መስመር ሳይነካ መልቲሜትር ማንሳት ይሻላል።

ችግር፦ ሞጁሉ ጨርሶ አይመልስም፤ ወይም አንዳንዴ መልሶ አንዳንዴ ዝም ይላል።

በመጀመሪያ የአንዱ ቲኤክስ (መላኪያ ፒን) ከሌላው አርኤክስ (መቀበያ ፒን) ጋር ተሻግሮ መያያዙን፣ የሁለቱም ግራውንድ (የዜሮ ቮልት መስመር) መገናኘቱን ያረጋግጡ፤ ሞጁሉ በራሱ ባትሪ በሚሠራበት ጊዜ በቀላሉ የምትረሳው የግራውንዷ ሽቦ ናት።

ሽቦው ትክክል ከሆነ የቮልቴጁን ደረጃ ይመርምሩ። ሞጁሉ ምልክቱን የሚልከው በ2.8 ቮልት ገደማ ሲሆን፣ በ5 ቮልት የሚሠራው የኡኖ ኤትሜጋ328ፒ ቺፕ ግን ምልክቱን «1» ብሎ ለማንበቡ የአምራቹ ሰነድ ማረጋገጫ የሚሰጠው ከኃይል ቮልቴጁ 60 በመቶ፣ ማለትም ከ3 ቮልት ጀምሮ ነው። በተግባር ከዚያ በታችም ብዙ ጊዜ ይነበባል፤ አንዱ ቦርድ ላይ ሲሠራ የነበረው ሰርኪት ሌላው ላይ እንቢ ማለቱ ከዚህ የተነሳ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው አቅጣጫ ደግሞ የኡኖው 5 ቮልት ለሞጁሉ አርኤክስ ከመጠን በላይ ስለሆነ በሁለት እኩል የ10 ኪሎኦም ሬዚስተሮች ወደ 2.5 ቮልት መከፈል አለበት። እኔ የምመርጠው ግን በ3.3 ቮልት የሚሠራ ማይክሮኮንትሮለር (ኮዱን የሚያስኬድ ቺፕ) መጠቀምን ነው፤ ያን ጊዜ የንባቡ ወሰን ወደ 2 ቮልት ይወርዳል።

ችግር፦ መልስ ይመጣል፣ ነገር ግን የማይነበብ ዝብርቅርቅ ነው።

የሁለቱ ወገኖች ቦድ ሬት (በሰከንድ የሚተላለፈው የቢት ብዛት) አልተጣጣመም። በ9600 አንድ ቢት 104 ማይክሮሰከንድ ያህል ይቆያል፤ ፍጥነቱ ሲለያይ ተቀባዩ ቢቱን ያለቦታው ያነባል። ሁለቱንም በ9600 ያስተካክሉ። ኤትሜጋውን ከቦርዱ ነጥለው በውስጣዊ ኦሲሌተሩ (የጊዜ ምት ሰጪው) የሚያሠሩ ሰዎች ደግሞ የፋብሪካ ልኬቱ እስከ 10 በመቶ ሊዛነፍ እንደሚችል ማወቅ አለባቸው፤ ለሲሪያል የሚመከረው ከ2 በመቶ ያልበለጠ ስለሆነ ክሪስታል (ይበልጥ ትክክለኛ የጊዜ ምት ሰጪ) ይግጠሙ።

ችግር፦ ሞጁሉ ለኤቲ ትእዛዝ (ሞጁሉ ለሚታዘዝበት አጭር የጽሑፍ ትእዛዝ) በትክክል ይመልሳል፣ ኔትወርክ ሲፈልግ ወይም ኤስኤምኤስ ሲልክ ግን እንደገና ይነሳል።

ይህ የግንኙነት ችግር ቢመስልም የኃይል ችግር ነው። ሲም800ኤል የሚፈልገው ከ3.4 እስከ 4.4 ቮልት ሲሆን፣ በሚያስተላልፍበት ቅጽበት እስከ 2 አምፔር ይስባል። የኡኖ 3.3 ቮልት ፒን የሚሰጠው 50 ሚሊአምፔር ብቻ ነው፤ 5 ቮልቱ ደግሞ ከሞጁሉ ወሰን በላይ ነው። ባለ 3.7 ቮልት የሊቲየም ባትሪ በአጭርና ወፍራም ሽቦ ያገናኙ፤ ከሞጁሉ አጠገብም ባለ 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ያክሉ። የሞጁሉ መብራት በየሰከንዱ ገደማ ብልጭ ካለ ኔትወርክ አልያዘም ማለት ነው፤ ሲይዝ በየ3 ሰከንዱ ገደማ ብልጭ ይላል።

ችግር፦ ረዘም ያለ መልእክት መጨረሻው ይቆረጣል።

የኡኖው መቀበያ ባፈር (የደረሰው ዳታ እስኪነበብ የሚቆይበት ጊዜያዊ ቦታ) 64 ባይት ሲሆን፣ በ9600 ፍጥነት በ67 ሚሊሰከንድ ገደማ ይሞላል። ስለዚህ ኮዱ ለ1 ሰከንድ እንዲጠብቅ ከታዘዘ የተረፈው ባይት ይጠፋል። ማዘግያውን አስወግደው የደረሰውን ባይት ሳይዘገዩ የሚያነብ ሉፕ ይጻፉ።

ችግር፦ ኮድ ወደ ቦርዱ አይጫንም።

ሞጁሉ በ0 እና በ1 ፒኖች ላይ ከተያያዘ እነዚህ ከዩኤስቢው ጋር የጋራ ስለሆኑ፣ በሚጫንበት ጊዜ ይንቀሉት።